ሳይቃጠል በቅጠል፦ የኩባንያ ቦርድ ሥራው ምንድን ነው?

ስለ ኩባንያ ሲወሳ ቶሎ የሚታወሰን ሥራ አስኪያጁ ነው። ከሥራ አስኪያጁ በላይ ግን ባለአክሲዮኖች የሚመርጡት የዲሬክተሮች ቦርድ አለ። ቦርዱ የዕለት ሥራ አይሠራም፤ ዋና ሥራ አስኪያጁን ይሾማል፣ ክፍያውን ይወስናል፣ ዕቅድ ያጸድቃል፣ ይቆጣጠራል። ቁጥጥሩ በሂሳብ መዝገብ ብቻ ካቆመ ግን ጎደሎ ነው። ኩባንያው መሬቱን፣ ውሃውንና የአካባቢውን ሕዝብ ሳይጎዳ ለነገም እንዲዘልቅ ማድረግ ዘላቂነት ይባላል፤ ይህም የቦርዱ ኃላፊነት ነው። ታዲያ ቦርዱ ዓይኑን ሲጨፍን ምን ይደርሳል? አንድ እውነተኛ ታሪክ እንመልከት።

በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፒልባራ በተባለው አውራጃ፣ ጁካን የሚባል ሸለቆ አለ። በዚያ የነበሩት የዋሻ መጠለያዎች ፑቱ ኩንቲ ኩራማና ፒኒኩራ ለተባሉት ነባር ሕዝቦች የተከበሩ ቦታዎች ነበሩ። በአንደኛው የሰው ልጅ ከ46,000 ዓመት በፊት እንደኖረበት በቁፋሮ ተረጋግጧል። ከሰው ጠጉር የተጎነጎነ፣ 4,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የመታጠቂያ ቁራጭም ተገኝቶ፣ ከዛሬዎቹ የአካባቢው ሰዎች ጋር ዝምድና እንዳለው በዘር ምርመራ ታውቋል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ እነዚህን መጠለያዎች በፈንጂ አፈረሳቸው። ምክንያቱ 8 ሚሊዮን ቶን ያህል የብረት ማዕድን ለማውጣት ነው። ሕግ ጣሰ እንዳይባል፣ ፈቃዱን በ2013 አግኝቷል። ግን ከነበሩት አራት የሥራ ዕቅዶች ሦስቱ መጠለያዎቹን የማይነኩ ነበሩ፤ የአካባቢው ሕዝብ ይህ አልተነገረውም።

ቦርዱ ከአደጋው በኋላ ምርመራ አካሄደ። በነሐሴ 2020 ስህተቱ የአንድ ሰው አይደለም ብሎ የሦስት ኃላፊዎችን ጉርሻ ቀነሰ። ሕዝቡም ባለአክሲዮኖችም «ይህ ብቻ?» ብለው ተቆጡ። በመስከረም ዋና ሥራ አስኪያጁና ሁለት ከፍተኛ ኃላፊዎች እንደሚለቁ ተነገረ። በመጋቢት 2021 የቦርዱ ሊቀ መንበር ራሳቸው ተጠያቂነቱን ወስደው ለድጋሚ ምርጫ እንደማይቀርቡ አስታወቁ። ይህ ሁሉ ሆኖ ዋሻው አልተመለሰም።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ከጥፋት በኋላ መቅጣት ቁጥጥር አይደለም። መምህር ተማሪው መድከሙን የሚያውቀው ሰኔ ላይ ካርድ ሲሞላ ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠራ ነበር? ቦርድም እንደዚሁ ነው። ዕቅድ ከማጽደቁ በፊት የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይበጃል፦

1ኛ/ በዚህ ሥራ የሚጎዳ ማን ነው? እርሱስ አማራጩን ሁሉ ሰምቷል?

2ኛ/ መጥፎ ወሬ በሥራ አስኪያጁ በኩል ብቻ ነው ወይ የሚደርሰን?

3ኛ/ የኃላፊዎቹ ጉርሻ የሚለካው በትርፍ ብቻ ነው?

4ኛ/ ሕጉ ቢፈቅድም፣ ከተሠራ በኋላ ሊመለስ የማይችል ነገር አለበት?

ሰልጣኞች ሆይ! ነገ ክፍል ስትገቡ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችሁ አንስታችሁ፣ ግማሹን ቦርድ፣ ግማሹን የአካባቢው ሕዝብ አድርጋችሁ አከራክሯቸው። መልሱን አትንገሯቸው፤ መጠየቅን ግን አስተምሯቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነውና።