ክንድ እንዴት ይዞራል?

ልጆች ሆይ፥ በገላችን ውስጥ አጥንት ከአጥንት ጋር የሚገናኝበት ስፍራ መጋጠሚያ ይባላል። መጋጠሚያ ሁሉ ግን ሥራው አንድ አይደለም። የጣታችን ጫፍ መጋጠሚያ እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፥ ይዘረጋልም እንጂ አይዞርም። የትከሻ መጋጠሚያ ግን ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚዞር ወደ ብዙ ወገን ይዞራል። በአንገታችንም 7 አጥንቶች አሉ፤ የመጀመሪያው እንደ ቀለበት ሆኖ፥ ከሁለተኛው በተነሣው እንደ ጥርስ ባለ ጫፍ ዙሪያ ይዞራል። ራሳችንን ነቅንቀን «እምቢ» የምንለው በዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የክንድ መዞር ነው። እስቲ ክርናችሁን አጥፋችሁ ከጎናችሁ አጣብቁ። ቆሎ እንደሚቀበል ሰው መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጉ፤ ቀጥሎም ቆሎውን እንደምታፈስሱ ወደ ታች ገልብጡት። እጃችሁ ግማሽ ዙር ያህል ዞረ። ያዞረው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «የእጅ አንጓ ነው» ይላል፤ ነገር ግን አይደለም። በሌላው እጃችሁ ክንዳችሁን ከአንጓው ከፍ አድርጋችሁ ያዙና እንደ ገና ሞክሩ፤ አጥንቱ ከውስጥ ሲዞር ይሰማችኋል። (ክርናችሁን አጣብቁ ማለቴም፥ ክንድ ተዘርግቶ ሳለ ትከሻም አብሮ ስለሚዞር ነው።)

ከክርን እስከ አንጓ ሁለት አጥንቶች አሉ። አንዱ በትንሿ ጣት ወገን ነው፤ እርሱ ብዙ አይነቃነቅም። ሁለተኛው በአውራ ጣት ወገን ነው፤ የሚዞረውም እርሱ ነው። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ሁለቱ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ መዳፍ ወደ ታች ሲገለበጥ ግን የአውራ ጣቱ አጥንት በባልንጀራው ላይ ይሻገራል። የዚህ አጥንት ራስ በክርን ዘንድ ክብ ነው፤ ጅማትም እንደ ቀለበት ከብቦ ይይዘዋል፤ በዚያም ውስጥ እንደ እንዝርት ይዞራል። እንጀራ ስንቆርስ መዳፋችን ወደ ታች ነው፤ ጉርሻውን ወደ አፋችን ስናመጣ ግን ይገለበጣል። ክንድ ባይዞር ኖሮ ቁልፍ መክፈትና ከጀበና ቡና መቅዳት እንኳ ያስቸግር ነበር።

አሁን አጥብቃችሁ ስሙ፤ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አሏችሁና። 5 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ይህ የጅማት ቀለበት ገና አልጸናም። ሕፃኑን በእጁ ይዘው ድንገት ቢጎትቱት፥ ወይም ሁለት እጁን ይዘው ለጨዋታ ቢያወዛውዙት፥ ቀለበቱ ከአጥንቱ ራስ ላይ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ሕፃኑ ይጮኻል፤ ቀጥሎም ክንዱን ጥቂት አጥፎ ከገላው ያስጠጋል፥ ዳቦ ቢሰጡትም በዚያ እጁ አይቀበልም። ብዙ ጊዜ እብጠት ስለማይታይ፥ አንዳንዱ ሰው ግትርነት መስሎት ይቈጣዋል። ይህ ግፍ ነው።

ስለዚህ ሕፃን ስታነሡ ከሁለቱ ብብቶቹ በታች ይዛችሁ አንሡ፤ መንገድ ስትሻገሩም በእርሱ እርምጃ ሂዱ። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ግን ሳትደብቁ ለእናት ወይም ለአባት ንገሩ፤ ክንዱንም ራሳችሁ አትሹት፥ አትጠምዝዙትም። ወድቆ እንደ ሆነ ወይም ክንዱ ካበጠ አጥንቱ ተሰብሮ ይሆናልና፥ ማንም ሳያሸው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ቀለበቱ ብቻ ተንሸራትቶ እንደ ሆነ፥ የሚያውቅ ሐኪም ክንዱን በቀስታ አዙሮ ይመልሰዋል፤ ብዙ ጊዜም ሕፃኑ ጥቂት ደቂቃ ሳይቈይ እንባው ሳይደርቅ በዚያው እጁ ዳቦውን ይቀበላል።