ሃይላንዱን በር ላይ ጨርሺው

ቆይ፣ ቦርሳውን አትዝጊው። ሁለት ሃይላንድ፣ አንድ ሚሪንዳ፣ እማዬ በፔርሙስ የሞላችልሽ ሻይ፣ በዚያ ላይ በፌስታል የተቋጠረ ጭኮ! ለመንገዱ ያስፈልግሻል፣ አልከለክልሽም። የሲሬን ብርድ ለምደሽ አዳማ ስትወርጂ ሙቀቱ ነው የሚቀበልሽ፤ አውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቆ ውሃ ያልያዘ ሰው ያሳዝናል። እኔ የማስበው ከትምህርት ቤትሽ ልጆች ጋር አዲስ አበባ ገብታችሁ ሙዚየም በር ላይ ስትሰለፉ ነው። ፈታሹ ቦርሳሽን ከፍቶ «ይሄ አይገባም» ይልሻል። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ፣ ትከራከሪያለሽ።

ከመከራከርሽ በፊት ክልከላው ከምን እንደመጣ እወቂ። «መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የምትለው ወረቀት በየበሩ አንድ ትመስላለች እንጂ የተለጠፈችበት ምክንያት ይለያያል። ለዕቃው ተብሎ የሚከለከልበት አለ፣ ለጥበቃ ተብሎ የሚከለከልበት አለ፣ ለውስጥ ካፌው ገበያ ተብሎ የሚከለከልበትም አለ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ መስጠት የለብሽም።

ለዕቃው ከሆነ ቃል አትተንፍሺ። ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ቤቱ ራሱ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴን መኝታ ቤት ሳይቀር ታያለሽ። እዚያ ያሉትን የድሮ ሥዕሎች ስታዪ ልብ በዪ፤ በጨርቅ ላይ የተሣለ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቀለሙ የተያያዘው ብዙ ጊዜ ከቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ነው፣ እሱም ውሃ ሲነካው ይላላል። ብራናም ያው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። እቤት አጎዛው ላይ ውሃ ፈስሶ ሲደርቅ እንዴት እንደሚኮማተር አይተሻል፤ የብራና መጽሐፍም እንደዚያው ይሆናል፣ ልዩነቱ አጎዛው ላይ የሚጠፋ ጽሑፍ አለመኖሩ ነው። ጥቁሩ ቀለም ጥላሸት ያለበት ስለሆነ ርጥበት ሲያገኘው ይለቅቃል።

ለስላሳማ ከውሃም ይብሳል። ውሃ ቢያንስ ይደርቃል፤ ስኳር ግን ወለሉ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ጉንዳን ይጠራል፣ በረሮ ይጠራል፣ አይጥ ይከተላል። እነዚህ ደግሞ ስኳሩን ልሰው አይመለሱም፤ ቆዳውን፣ ጨርቁን፣ ወረቀቱን ይቀጥላሉ። ጭኮውንም እዚሁ ላይ ጨምሪልኝ። መጠጥ አይደለም ብለሽ እንዳትሞግቺኝ፤ ቅቤ በቅቤ በሆነ ጣት መስታወቱን ነክተሽ አርሲ መሆንሽን ፈርመሽ እንዳትመጪ።

«ድንቅነሽ እኮ ድንጋይ ናት፣ ውሃ ምን ያደርጋታል?» ትዪኝ ይሆናል። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚ የሚያሳየው ቅጂዋን ነው፣ እውነተኛው አጥንት ለብቻው ይቀመጣል። ስለዚህ ውሃ ቢደፋ እሷን የሚያገኛት ላይሆን ይችላል። ግን በዚያው ሙዚየም የነገሥታት ልብስና ዙፋንም አለ፤ ጨርቅና እንጨት ነው። ፈታሹ በየክፍሉ ያለውን እያሰበ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ፍርድ ሲሰጥ ሊውል አይችልም። አንቺ ብቻ ብትሆኚ ደግሞ ማንም ባልጨነቀው። የሚያስፈራው የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ በሙሉ እየተገፋፋ፣ ፎቶ እየተነሳ፣ ክዳኑ የላላ ሃይላንድ ይዞ ሲገባ ነው።

የጥበቃው ጉዳይ ይለያል። እዚያ የሚጠረጠረው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በያኔዋ ሌኒንግራድ፣ ኤርሚታዥ ሙዚየም ውስጥ አንድ ሰው የሬምብራንትን «ዳናኤ» የተባለ ሥዕል በጩቤ ወግቶ አሲድ ደፋበት፤ ጠግኖ መልሶ ለማሳየት 12 ዓመት ፈጀ። በቅርቡ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022፣ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ሁለት የአየር ንብረት ተሟጋቾች በቫን ጎህ የሱፍ አበባ ሥዕል ላይ የቲማቲም ሾርባ ደፉ። ሥዕሉን መስታወት አዳነው፣ ፍሬሙ ግን ተጎዳ። እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገምባቸው፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 ላይ ማንኛውም ፈሳሽ እንዳይገባ ከለከሉ፤ ውሃም ቢሆን። የፈቀዱት የሕፃን ወተት፣ የታለበ የእናት ጡት ወተትና ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ብቻ ነው። ይህን የምነግርሽ «አበሻ ስለሆንን ነው የሚያንገላቱን» የሚል ጓደኛ ከመካከላችሁ ስለማይጠፋ ነው።

የእኛ አገር ፈታሽ አንዳንዴ «ቅመሽው» ይልሻል። አትቆጪ፣ ጎንጨት በዪለት፤ ነገሩ ያልቃል። አንድነት ፓርክ የምትሄዱ ከሆነ በተለይ ትዕግሥት ያዢ፤ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፣ ፍተሻው ቢጠብቅ አይግረምሽ። ውስጥ የምኒልክን የግብር አዳራሽ ታያለሽ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ጠጅ ሲጠጣ የኖረበት አዳራሽ አሁን በደረቅ ጉሮሮ የሚጎበኝ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ያስቀኛል። የፓርኩ እንስሳት ጋ ስትደርሱም ለስላሳም ሆነ ብስኩት እንዳትወረውሪ፤ የሚበሉትን የሚሰጣቸው አላቸው።

ከጓደኞችሽ መካከል ስኳር ያለበት ወይም መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ካለ ዛሬውኑ ለመምህራችሁ ንገሪ። የሐኪሙን ወረቀት ይያዝ፤ በሩ ላይ ቦርሳው ከመከፈቱ በፊት አስቀድሞ ይናገር። ቀድሞ የተናገረ ሰው ይታዘንለታል፤ ተይዞ ያስረዳ ሰው ግን ሰበብ የፈጠረ ይመስላል። ፈታሹ በዕድሜ ገፋ ያለ ከሆነ «አባባ»፣ ወጣት ከሆነ «ወንድሜ»፣ ሴት ከሆነች «እህቴ» በዪ። ደንቡን ያወጡት እነሱ አይደሉም፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሰው ንጭንጭ የሚሰሙት ግን እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ፣ እኔን ወደሚያናድደኝ። አንድ መናፈሻ፣ ስሙን ልተወው፣ የያዝኩትን ውሃ በር ላይ አስጣሉኝና ውስጥ ስገባ ያንኑ ውሃ፣ ያንኑ ጠርሙስ፣ በእጥፍ ዋጋ ሲሸጡ አገኘኋቸው። እዚያ ብራና የለም፣ ሥዕል የለም፤ ሣርና ወንበር ነው ያለው። ይህ ጥበቃ አይባልም፣ ንግድ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥምሽ በትሕትና አንድ ጊዜ ጠይቂ፦ «ውስጥ ውሃ ይሸጣል አይደል? ታዲያ የኔ ምን አጠፋ?» ከሰሙሽ ጥሩ። ካልሰሙሽ ጠጥተሽ ጨርሺው እንጂ አትድፊው፤ ባዶውን ጠርሙስ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፣ ባዶ ጠርሙስ የሚከለክል አይበዛም። ውስጥ ቧንቧ ካገኘሽ ትሞዪዋለሽ።

ጠጥተሽ ግቢ ማለቴ ግን ሞጆ ላይ ጀምረሽ ሆድሽን በሻይ ሙዪ ማለት አይደለም። ሙዚየም መሃል መጸዳጃ ቤት ፍለጋ አስጎብኚውን ጥሎ መውጣት ከጥም ይብሳል። ትኬት ሳይቆረጥ ጠጡ፣ መጸዳጃ ቤት ግቡ፣ ከዚያ ተሰለፉ።

ደግሞ ይህን ሁሉ ሰምተሽ በሌላ ጊዜ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ወይም ወደ ጭላሎ ስትሄዱ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ። እዚያ ደንቡ ይገለበጣል፤ ውሃ ሳይዙ ተራራ መውጣት ነው ጥፋቱ። አዋሽ ፓርክ ከሆነ ደግሞ ጠርሙስሽን ከዝንጀሮ ደብቂ፣ መንጠቅ ይችሉበታል። ጠጥተሽ ስትጨርሺ ግን ፕላስቲኩን ይዘሽው ተመለሺ፤ ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፣ ከቀሩለት ቦታዎች አንዱ የእኛው የአርሲ ተራራ ነው፣ የሚግጠው ሣር መሃል የእኛን ሃይላንድ ማግኘት የለበትም። ለአሁኑ ጉዞሽም ጭኮውን ከፌስታሉ አውጥተሽ ክዳን ባለው ሳህን አድርጊው፤ አንዴ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል የሚያግድ ሕግ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፣ ከተማ ገብተሽ ስታውለበልቢው እንዳይታይ።

አንድ ነገር ደግሞ ልዘዝሽ። መውጫው ላይ የአስተያየት መዝገብ ካገኘሽ ዝም ብለሽ አትለፊው። ሁሉም ሰው «በጣም ደስ ይላል» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል፤ አንቺ ቁም ነገር ጻፊበት። ውሃ መከልከላቸው ተገቢ ነው በዪ፣ ምክንያቱንም በሩ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፉት በዪ። ከሩቅ ገጠር ለሚመጣ ተማሪ ደግሞ ፍተሻው አጠገብ አንዲት የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ይትከሉለት።