የፍል ውሃ እርሻና የነጋዴው ሒሳብ

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ወደ ሰሜን ዋልታ ቀርባ የምትገኝ ደሴት ናት። በዋና ከተማዋ በሬይክያቪክ በታኅሣሥ ወር አጋማሽ የቀኑ ብርሃን ከአራት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በእንዲህ ያለው አገር ቲማቲም፣ ኪያርና ቃሪያ ተመርቶ ለገበያ ይቀርባል ቢባል ሰሚውን ያስደንቀው ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

የዚህ ሥራ መሠረቱ ከምድር ውስጥ የሚወጣው ፍል ውሃ ነው። በፍል ውሃ የሚሞቀው የመጀመሪያው የመስታወት ቤት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1924 ነበር። ውሃው ከጉድጓድ ወጥቶ በቤቱ ዙሪያና በተክሎቹ መካከል በተዘረጋ ቧንቧ ይዘዋወርና ሙቀቱን ለቤቱ ይሰጣል። ውሃው ማዕድን የበዛበት እንደ ሆነ ቧንቧውን ስለሚያበላሽ፣ ሙቀቱን ወደ ንጹሕ ውሃ አስተላልፎ ንጹሑን ውሃ ማዘዋወር ይመረጣል።

ይሁን እንጂ ሙቀት ብቻውን ፍሬ አያስገኝም። በጨለማው ወራት ተክሉ ብርሃንም ይሻልና ጉድለቱ በኤሌክትሪክ መብራት ይሟላል፤ ለዚህም ገንዘብ ይወጣል።

የሙዙ ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል። አይስላንዳውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በመስታወት ቤት ሙዝ አልምተው ይሸጡ ነበር። ነገር ግን በብርሃን ማነስ ምክንያት ፍሬው እስኪደርስ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 መንግሥት ከውጭ በሚገባው ፍራፍሬ ላይ የነበረውን ቀረጥ ባነሣ ጊዜ፣ የአገሩ ሙዝ በዋጋ መወዳደር ስላልቻለ ከገበያ ወጣ። ቲማቲምና ኪያር ግን ቶሎ የሚያፈሩ፣ ትኩስነታቸውም በረጅም ጉዞ የሚጎዳ በመሆናቸው ጸንተው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 በእነርሱም ላይ የነበረው ቀረጥ ሲነሣ፣ መንግሥት ለአምራቾቹ በቀጥታ ድጎማ መስጠት ስለ ጀመረ እርሻው አልፈረሰም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፣ ሙቀት በረጅም ቧንቧ ሲጓዝ ይባክናልና ፍል ውሃው ለእርሻው ምን ያህል ቅርብ ነው? ሁለተኛ፣ ከሙቀት ሌላ በገንዘብ የሚገዛው ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ቀረጥ ቢነሣ ወይም ድጎማ ቢቀር ሸቀጡ በዋጋ ይወዳደራልን?

በስምጥ ሸለቋችን ፍል ውሃ ለሚፈልቅልን ለእኛም ይህ ትምህርት ይጠቅመናል። ሙቀቱ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ትርፉ ግን የሚገኘው በሒሳብ ነው።