የመረጥነው ሰው ሲወድቅ

ስለ ምርጫ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ዕጩዎቹና ስለ አሸናፊው ነው። ወረፋ ጠብቆ፣ ድምፁን ሰጥቶ፣ ማታ ውጤቱ ሲነበብ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ስለሚመለሰው መራጭ ግን ብዙ አይነገርም። ይሁን እንጂ ፉክክር በበረታበት ምርጫ የዚህ ዓይነቱ መራጭ ቍጥር ወደ ግማሽ ይጠጋል። ግማሹ ሕዝብ ተቀይሞ የሚኖርበት ማኅበርም ሆነ ሀገር እንዴት ሊጸና እንደሚችል መመርመር ይገባናል።

እኔ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት ከራሴ ጉዳይ ነው። ባለፈው የማኅበራችን ምርጫ የደገፍሁት ዕጩ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ውጤቱ በተነበበበት ማታ እራት አልበላሁም። ከዚያም ለአሸናፊው ሲቀሰቅስ ከነበረው የመኝታ ክፍል ባልንጀራዬ ጋር ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም። ይህ የእኔ ድክመት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ከተሸነፍነው ወገን አንዳንዶቹ «መዋጮ አንከፍልም፤ ስብሰባ አንገባም፤ የራሳችንን ማኅበር እናቋቁማለን» እያሉ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ወረቀቱ እኔ ዘንድም ደርሶ ሳልፈርምበት ጠረጴዛዬ ላይ አድሯል። መፈረምና አለመፈረሜን ከመወሰኔ በፊት ሌሎች ሕዝቦች በዚህ ነገር ምን እንዳደረጉ ለማየት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። ያገኘሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ። ስለ ውጭ ሀገሮች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ/ ሽንፈት ለምን ያስደነግጣል?

በመጀመሪያው ማታ ከወገኖቼ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «እንዴት ይሆናል? የማውቀው ሰው ሁሉ የመረጠው እርሱን ነው» የሚል ነበር። ይህ አነጋገር የእኛ ብቻ አይደለም። ሊ ሮስ የተባለው የሥነ ልቡና ምሁርና ባልደረቦቹ በ1977 ባሳተሙት ጥናት፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች የማስታወቂያ ሰሌዳ አንግተው በግቢው ውስጥ እንዲዘዋወሩ ተጠየቁ። እሺ ያሉት ተማሪዎች «ሌላውም ቢጠየቅ አብዛኛው እሺ ይላል» ብለው ገመቱ። እምቢ ያሉትም በበኩላቸው «አብዛኛው እምቢ ይላል» ብለው ገመቱ። እያንዳንዱ የራሱን ሐሳብ የብዙኃኑ ሐሳብ አድርጎ ማየቱ ነው።

እኛስ ከዚህ የተለየን ነን? በምግብ አዳራሽ የምንቀመጠው ከሚመስለን ጋር ነው። ሻይ የምንጠጣው፣ ጋዜጣ የምንዋዋሰው፣ ስለ ምርጫ የምንከራከረውም ከእነዚያው ጋር ነው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስምንት ሰዎች ስለ ተስማሙ ግቢው ሁሉ የተስማማ ይመስለናል። ስለዚህ ውጤቱ ሲነበብ መጀመሪያ ወደ አፋችን የሚመጣው «ተሰርቋል» የሚለው ቃል ነው። በእርግጥም ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መደንገጣችን ብቻውን ለስርቆት ማስረጃ አይሆንም።

2ኛ/ የልብ ኀዘን ዕድሜ

በባህላችን ለኀዘን ልክ አለው። ሠልስት አለ፤ አርባም አለ። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ኀዘንተኛውን «ይብቃህ፣ እህል ቅመስ» የሚለው ኀዘኑን ንቆ ሳይሆን፣ ሰው በኀዘኑ መጀመሪያ ላይ ሆኖ መጨረሻውን ማየት እንደማይችል ስለሚያውቅ ነው።

ይህን የሚመስል ነገር በምርጫም ታይቷል። በ1994 በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ለገዥነት በተደረገው ምርጫ በሥልጣን ላይ የነበሩት ወይዘሮ አን ሪቻርድስ ተሸነፉ፤ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆርጅ ዳብልዩ ቡሽ አሸነፉ። ዳንኤል ጊልበርትና ባልደረቦቹ ድምፃቸውን ሰጥተው የሚወጡትን መራጮች «የማትፈልጉት ሰው ቢያሸንፍ ከአንድ ወር በኋላ ምን ይሰማችኋል? ስለ እርሱስ ምን ታስባላችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። ወሩ ሲሞላ ሲጠየቁ የተሸነፉት መራጮች አስቀድመው የፈሩትን ያህል አዝነው አልተገኙም። ስለ ቡሽ የነበራቸውም አስተያየት ራሳቸው ከገመቱት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በ1998 ታትሟል። የጥናቱ ትምህርት አጭር ነው፤ ገላ ቍስሉን እንደሚያሽር ሁሉ አእምሮም የራሱን ቍስል ያሽራል፤ እኛ ግን ይህን ኃይሉን አስቀድመን በሒሳብ አናስገባውም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ሁሉም መጽናናት ፈውስ አለመሆኑ ነው። ወይኑ አልደርስላት ያለ ቀበሮ «ድሮስ ጥሬ ነው» ብላ እንደ ሄደች፣ «ድሮስ ምርጫ ምን ይሠራል? ሁሉም አንድ ናቸው» ብሎ ከማኅበራዊ ኑሮ የሚወጣ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሕመሙ ተወው እንጂ አልዳነም። የዳነ ሰው በሚቀጥለው ምርጫ ተመልሶ ሲሰለፍ ይታያል።

ሁለተኛው፣ ኀዘኑ የሚያልፈው ከሽንፈቱ በኋላ ኑሮ የሚቀጥል ሲሆን ነው። የቴክሳስ መራጭ በማግሥቱ ሥራው ላይ ነበር፤ ቤቱም መሬቱም አልተነካበትም። ክሪስቶፈር አንደርሰንና ክሪስቲን ጊሎሪ በ1997 ባሳተሙት ጥናት 11 የአውሮጳ ሀገሮችን መርምረው፣ አሸናፊው ሁሉን በሚጠቀልልበት ሥርዓት ተሸናፊው በዴሞክራሲው ይበልጥ እንደሚከፋ፣ ሥልጣንን ለመከፋፈል በተዘጋጀው ሥርዓት ግን በአሸናፊና በተሸናፊ መካከል ያለው የስሜት ልዩነት እንደሚጠብ አሳይተዋል። እንግዲህ «ሽንፈትን ተቀበል» ብሎ መምከር ለተሸናፊው ብቻ የሚነገር ምክር አይደለም። ለተሸናፊው ምን እንደሚተርፍለት የሚወስነው አሸናፊው ነውና።

3ኛ/ የጋና መራጮች ያለፉበት መንገድ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ልብ ነው። ቈጠራው ራሱ የሚያጠራጥር ሲሆንስ? ለዚህ ከጋና የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

በ1992 ጋና ከወታደራዊ አገዛዝ ወደ ምርጫ ስትመለስ የጦሩ መሪ የነበሩት ጄሪ ሮውሊንግስ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ማሸነፋቸው ተነገረ። ተቃዋሚዎቹ «ድምፃችን ተሰርቋል» ብለው በቀጣዩ ወር ከተደረገው የምክር ቤት ምርጫ ራሳቸውን አገለሉ። ክሳቸውንም በመጽሐፍ አሳተሙ። ውጤቱ ምን ሆነ? ከ200 የምክር ቤት መቀመጫዎች 189ኙን የገዥው ፓርቲ ያዘ። ተቃዋሚዎቹ ቁጣቸውን ገለጹ፤ ነገር ግን ለአራት ዓመት ሕግ ሲወጣ በአዳራሹ ውስጥ የሚከራከርላቸው ሰው አጡ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በ1994 የፓርቲዎቹ ተወካዮችና የምርጫ ኮሚሽኑ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚመካከሩበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ቅሬታው ሁሉ ወደዚያ እየቀረበ ወደ አሠራር ተለወጠ። በ1996 ምርጫ ድምፅ የሚጣልበት ሳጥን ውስጡ ከውጭ የሚታይ እንዲሆን ተደረገ። የየፓርቲው ታዛቢ በየምርጫ ጣቢያው ተቀመጠ። በዚያ ዓመት ተቃዋሚዎቹ እንደገና ተሸነፉ፤ ዕጩአቸው ጆን ኩፉዎርም ወደቁ። መራጮቻቸው ግን በ2000 ተመልሰው ተሰለፉ። በጥር 2001 ኩፉዎር ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥልጣኑን ከሮውሊንግስ ተረከቡ። ከ1992 ጀምሮ ሲቈጠር ነገሩ የፈጀው ስምንት ዓመት ነው።

ከዚያም ወዲህ ጽዋው ተራ በተራ ሁሉንም ደርሷል። በ2008 ናና አኩፎ-አዶ በመጀመሪያው ዙር መርተው በሁለተኛው ዙር በጆን አታ ሚልስ ተሸነፉ። ልዩነቱ ከ9 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ውስጥ ወደ 40 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። በ2012 እንደገና በጆን ማሃማ ተሸነፉ። በዚህ ጊዜ ግን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ከየምርጫ ጣቢያው የተሰበሰበው የውጤት ቅጽ ለዳኞች ቀረበ፤ ክርክሩም በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ሕዝቡ ወራት ሙሉ የገዛ ድምፁ ሲመረመር በየቤቱ ተቀምጦ ተመለከተ። በነሐሴ 2013 ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ ሲያደርግ አኩፎ-አዶ በፍርዱ እንደማይስማሙ፣ ነገር ግን እንደሚቀበሉት ተናግረው ማሃማን እንኳን ደስ ያለዎት አሉ። በ2016 ተመልሰው ቀርበው አሸነፉ። በ2020 ደግሞ ከሳሹ ማሃማ ሆኑ፤ በመጋቢት 2021 ተፈረደባቸው፤ በ2024ም ተመልሰው አሸነፉ። በዚህኛው ምርጫ ተሸናፊው ማሃሙዱ ባዉሚያ የኮሚሽኑን ውጤት ሳይጠብቁ በማግሥቱ ሽንፈታቸውን አመኑ።

ጋና እንከን የሌላት ሀገር ናት ማለቴ አይደለም። በ2020 ምርጫ በተነሣ ሁከት የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን የጋና ተሸናፊ መራጭ ሦስት ነገሮች በእጁ አሉ፤ የሚያየው ሳጥን፣ የሚሰማው ዳኛና የሚጠብቀው ሌላ ምርጫ። «አልስማማም፤ ግን እቀበላለሁ» ለማለት አቅም የሚሰጡት እነዚህ ናቸው።

4ኛ/ ዳኛ ሲታጣ

ከእነዚህ አንዱ ሲጐድል ምን እንደሚከተል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ትበቃለች። በታኅሣሥ 2007 መጨረሻ ሙዋይ ኪባኪ አሸነፉ ተብሎ ታወጀና በዚያው ምሽት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የራይላ ኦዲንጋ ወገን ፍርድ ቤቱን ስለማያምነው ወደዚያ አልሄደም። ክርክሩ ወደ መንገድ ወጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩም ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ከሞቱት ብዙዎቹ ምናልባት ከአንድ ወር በኋላ ቁጣቸው በበረደላቸው ነበር።

ኬንያውያን ከዚህ በኋላ በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቁ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አቋቋሙ። በ2013 ኦዲንጋ ከስሰው ተረቱ፤ ፍርዱን ተቀበሉ። በ2017 ግን ይኸው ፍርድ ቤት ለእርሳቸው ፈርዶ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘ። ተሸናፊ ሊረታበት የሚችል ፍርድ ቤት መኖሩ በዚያን ቀን ታየ።

እኛ ይህን ትምህርት ከባዕድ ብቻ የምንማረው አይደለም። አባቶቻችን በመንገድ ላይ የተጣሉ እንደ ሆነ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው የሚፈስ ውኃ ይቆማል ይባላል። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. በሀገራችን ከተደረገው ምርጫ በኋላ በውጤቱ ላይ በተነሣው ክርክርና የጸጥታ ኃይሎች በወሰዱት እርምጃ 193 ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን ነገሩን እንዲያጣራ የተሰየመው ኮሚሽን መዝግቧል። በእኔ አስተያየት በዚያን ጊዜ የጐደለው ሁለቱም ወገን እኩል የሚያምነው ዳኛ ነው። ስለዚህ የያዝነው ጥያቄ ለእኛ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

5ኛ/ ለእኛ የሚሆን መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ለተሸነፈው መራጭ አራት ነገሮች ይወጣሉ።

ሀ/ ሠልስቱ ሳይወጣ አትወስን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚፈረም ወረቀትና የሚቋረጥ ወዳጅነት በኋላ ያስቈጫል።

ለ/ የከፋህን ከተበደልኸው ለይ። ዕጩህ በመውደቁ ከከፋህ ጊዜ ያሽረዋል። ሳጥኑ ያለ ታዛቢ ተከፍቶ ካየህ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ጽፈህ ለአስመራጩ ኮሚቴ አቅርብ። ያላየኸውን አይቻለሁ አትበል።

ሐ/ ከተፈረደ በኋላ ባትስማማም ተቀበል። አለመስማማትህን መናገር መብትህ ነው።

መ/ ከአዳራሹ አትውጣ። የወጣ ሰው ወንበሩን ለሌላ ትቶ ይሄዳል፤ በ1992 በጋና የታየው ይኸው ነው።

አሸናፊዎች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። በምግብ አዳራሽ በእኛ ጠረጴዛ አጠገብ ስትደርሱ የምታሰሙት ጭብጨባ ይቅር። በየኮሚቴው ከእኛም ወገን ሰው አስገቡ። ነገ እናንተም በእኛ ቦታ ትቀመጣላችሁ።

ወረቀቱን በተመለከተ አልፈረምሁበትም። ገልብጬ በጀርባው ሦስት ጥያቄዎች ጻፍሁ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ውስጡ የሚታይ ሳጥን እንዲደረግ፤ ቈጠራው ከየወገኑ ሁለት ሁለት ታዛቢ ባለበት በአዳራሽ እንዲሆን፤ ውጤቱም ታዛቢዎቹ ፈርመውበት በዚያው ማታ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ። ከዚያም ወደ መኝታ ክፍሌ ገብቼ ባልንጀራዬን «እንደምን አመሸህ» አልሁት። ወረቀቱን አነበበና «ከሳጥኑ በፊት የመራጮቹ ዝርዝር ይለጠፍ» ብሎ አራተኛ ጨመረበት፤ ፈረመም። ስለ ምርጫው አሁንም አንስማማም።

ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው። ከሁለቱም ወገን መፈረም የሚፈልግ ሁሉ ማታ ማታ ከእራት በኋላ ያገኘኛል።