የውኃው ዳር የማን ነው?

 

ዛሬ ከአብደራፊ ሆነን ስለ አንድ የተረሳ ሐቅ እንተዋወስ።

በፊቅህ «ሐሪም» የሚባል ነገር አለ። ወንዝም ሆነ ጉድጓድ በዙሪያው የራሱ መሬት አለው፤ ሰው የሚቀዳበት፣ ከብት ወርዶ የሚጠጣበት። ባለቤት የሌለውን ጠፍ መሬት ያለማ ሰው ባለቤት ይሆናል፤ ሐሪሙን ግን ማንም አልምቶ የግሉ ማድረግ አይችልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውኃ፣ ግጦሽና እሳት የጋራ መሆናቸውን አስተምረዋል፤ የመዲናን ዛፍ መቁረጥና አውሬዋን ማደንም ከልክለዋል።

እስቲ ጣናን እንመልከት። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ዳርቻውን ያስዋበው ደንገል ለዓይን ብቻ አይደለም፤ ጎርፍ ያመጣውን ደለል ይይዛል፣ ዓሣ ይራባበታል፣ ታንኳ ይሠራበታል። ደንገሉ ተመንጥሮ እርሻና ግንባታ ሲተካው ደለሉ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። አንዱ ቦታ አገኘ፤ ዓሣ አጥማጁና ታንኳ ሠሪው ሐቃቸውን አጡ።

«እኛ ሐይቅ የለንም» አትበሉ። በቆላችን አንገረብና ጓንግ ይፈሳሉ። ነገ ወንዝ ዳር ቦታ ብታገኙ፣ ስለ ካርታው ከመጠየቃችሁ በፊት «እዚህ ማን ይቀዳ ነበር? የማን ከብት ይጠጣ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ እዚህ ይቀራል፤ የሰው ሐቅ ግን የቂያማ ቀን ይጠብቀናል።

አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።