ኢንሱሊን ያለ ውሾቹ ይገኝ ነበር?

ጥያቄ፦ ልጄ የስኳር ሕመም ስላለባት በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቱ የተገኘው ውሾች ተሠቃይተው ነው ይባላል፤ እውነት ነው? ዛሬስ እንዲህ ያለ ሙከራ ያስፈልጋል?

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት የውሾችን ቆሽት አውጥተው በስኳር ሕመም እንዲያዙ አደረጉ። ከሌላ እንስሳ ቆሽት የተጣራ፣ ኢንሱሊን ያለበት ፈሳሽ ሲወጓቸው በደማቸው ያለው ስኳር ወረደ። ማርጆሪ የተባለችው ውሻ ያለ ቆሽት ከሁለት ወር በላይ ኖራለች። በጥር 1922 የስኳር ሕመምተኛው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ፈሳሹን ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ብዙም አልጠቀመውም፤ ባልደረባቸው ጄምስ ኮሊፕ ይበልጥ ያጣራው ግን ከሞት አፋፍ መለሰው። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል። በዚያ ዘመን ሌላ መንገድ ስላልነበረ ሙከራው ተገቢ ነበር እላለሁ።

እንስሳ ግን ሰው አይደለም። በ2006 ለንደን ውስጥ ጦጣዎችን ያልጎዳ አንድ አዲስ መድኃኒት ስድስት ጤነኛ በጎ ፈቃደኞችን በሰዓታት ውስጥ ለከፋ ሕመም ዳርጓል። ስለዚህ በሰው ሕዋስ ወይም በኮምፒውተር ሊመለስ ለሚችል ጥያቄ እንስሳ ማሠቃየት አይገባም። አሜሪካም ለአዲስ መድኃኒት የእንስሳት ሙከራን ግዴታ ያደርግ የነበረውን ድንጋጌ በ2022 አንሥታለች።

የዛሬው ኢንሱሊን በአብዛኛው የሚመረተው በባክቴሪያና በእርሾ ነው። ልጅዎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መርፌዋን እንዳታቋርጥ አደራ።