የብሩሽ ጠጕር ስለ ማሳጠር

በአዲስ አበባ ምሥራቅ በሲኤምሲ ሰፈር እንደሚታየው፥ ጠጕሩ የረዘመ የፕላስቲክ ብሩሽ በድስቱ ላይ ይተኛል እንጂ ጥቀርሻውን አይፍቅም። ይህም ሲሆን ሌላ መግዛት አያስፈልግም፤ ጠጕሩን በመቀስ እኩል አድርጎ ማሳጠር ይበቃል። የጠጕሩ ርዝመት በግማሽ ቢቀነስ፥ ጫፉን ያንኑ ያህል ለማጕበጥ 8 እጥፍ ኀይል ይጠይቃልና። መምህሩ ረጅምና አጭር ስንደዶ በጣቱ ቢያጐብጥ ተማሪዎች ነገሩን በዓይናቸው ያያሉ።

ነገር ግን በጥቂት በጥቂቱ መቍረጥ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ያጠረው ተመልሶ አይረዝምም። የተቈረጠው ብጥስጣሽ ከልጆች ምግብ ገብቶ እንዳይዋጥ ሥራው ከማድቤት ውጭ ይሁን፤ ብሩሹም አስቀድሞ በብዙ ውሃ ይታጠብ። ለጠላ ጋን ግን ብሩሽ አይፈለግም፤ እርሱ ከጥንት ጀምሮ በግራዋ ቅጠል ይታሻል።